ድመት «ራሷን ትችላለች» ለሚሉ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልን። ስለ ውሻ በጋዜጦቻችን አልፎ አልፎ ይጻፋል። ድመት የምትነሣው ግን ወይ በተረት ወይ በአይጥ ምክንያት ነው። በከተማችን ከጎዳና ድመት እያነሡ፣ አሳክመው ለፈላጊ የሚሰጡ ሰዎች አሉ። ድመቷን የሚረከበው ሰው ብዙ ጊዜ ይዞት የሚሄደው ምክር ግን አንድ ነው፦ «ወተት ስጧት፤ ሌላውን ራሷ ትችላለች»። በእንስሳት ሕክምና የምንሠራ ሰዎች እንደመሆናችን፣ ይህ አባባል ድመት እንደሚገድል እናውቃለንና ቦታ ብትሰጡን አንባቢ ሊሠራበት የሚችል ነገር እንጽፋለን።

ውሻ ሲያመው ያለቅሳል፣ እግር ሥር ይመጣል። ድመት ሲያማት አልጋ ሥር ገብታ ዝም ትላለች። በዱር ሳለች ደካማ መስላ የታየች ድመት ለትልልቆቹ አውሬዎች ምሳ ስለሆነች፣ ሕመምን መደበቅ በደሟ የገባ ነው። ጉሮሮዋ ውስጥ የምታሰማው ኩርርታ እንኳ ሁልጊዜ የደስታ አይደለም፤ ክፉኛ የተጎዳች ድመትም ኩርር ትላለች። ዝምታዋን «ደህና ናት» ብሎ የተረጎመ ሰው ወደ ሐኪም የሚደርሰው ከረፈደ በኋላ ነው።

ከርክክቡ እንጀምር። «ዕድሜዋ ስንት ነው?» ብሎ ማቆም አይበቃም። ከጎዳና ከተነሣች ስንት ቀኗ ነው? ምን ስትበላ ቆየች? የትል መድኃኒት የወሰደችው መቼ ነው፣ የመድኃኒቱስ ስም? የትኛው ክትባት፣ በየትኛው ቀን? ተመክናለች? ወረቀት ካለ ወረቀቱን ተቀበሉ። ከተነሣች ሁለት ሳምንት ያልሞላት ድመት ጤነኛ ብትመስልም በሽታ አርግዛ ሊሆን ስለሚችል፣ ቤታችሁ ሌላ ድመት ካለ ቢያንስ 14 ቀን በተለየ ክፍል፣ በተለየ የምግብ ሳህንና በተለየ የአሸዋ ሳፋ (መጸዳጃዋ ነው) ትቆይ። ዕድሜዋ ካልታወቀ ሚዛን ይረዳል። ግልገል ድመት በወር ግማሽ ኪሎ ያህል ስለምትጨምር፣ 1 ኪሎ የምትመዝነው ወደ 2 ወር፣ 2 ኪሎ የምትመዝነው ወደ 4 ወር ይሆናታል። በረሃብ የከሳች ላይ ግን ሚዛን ይዋሻል፤ ያኔ አፏን አይቶ መወሰን ነው። የወተት ጥርሷ ወልቆ ትልልቆቹ ክራንቻዎች ከወጡ ቢያንስ 5 ወይም 6 ወር ሆኗታል።

ወደ ቤት የምትመጣው በጆንያ መሆን የለበትም። ጆንያ ውስጥ ሙቀቱ ያፍናታል፣ በድንጋጤ ትሸናለች፣ አፉ ሲፈታ መጀመሪያ የምታገኘውን እጅ ትነክሳለች፤ ከዚያም ታመልጣለች። የድመት መያዣ ሣጥን መግዛት የማይችል ሰው ሁለት የአትክልት ፕላስቲክ ሣጥን አፍ ለአፍ ገጥሞ በሲባጎ አጥብቆ ይሰር፣ ሥሩ አሮጌ ፎጣ ያንጥፍ፣ ላዩን በነጠላ ጨርቅ ይሸፍን። ጨለማ ያረጋጋታል።

ቤቱን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ማስጎብኘት ትልቅ ስሕተት ነው። አንዲት ትንሽ ክፍል ትበቃለች፤ ዕቃ ቤትም ቢሆን። በአንዱ ጥግ የአሸዋው ሳፋ፣ በተቃራኒው ጥግ ምግብና ውኃ፣ መሐል ላይ ተደፍቶ በጎኑ በር የተቀደደለት ካርቶን። ካርቶኑ ውስጥ ገብታ ሁለት ቀን ባትወጣ አትጎትቷት። መሬት ላይ ቁጭ ብላችሁ ጋዜጣ አንብቡ (ይህንኑ ጋዜጣ ቢሆን አንቀየምም)፣ አፍጣችሁ አትዩአት፤ ዓይን ለዓይን ስትጋጠሙ ዓይናችሁን ቀስ አድርጋችሁ ክደኑና ግለጡ። በድመት ዘንድ ማፍጠጥ ጠብ ነው፤ ቀስ ብሎ መጨፈን ደግሞ ሰላም ማለት ነው። በሰው እጅ ኖራ የምታውቅ ድመት በሦስትና በአራት ቀን ትወጣለች፤ ጎዳና ላይ ያደገችው ሦስት ሳምንት ልትፈጅ ትችላለች። ግቢ ላላቸው ደግሞ፦ 3 ወይም 4 ሳምንት ሳይሞላ ወደ ውጭ አትለቀቅም፤ ከዚያም የምትለቀቀው ከመብላቷ በፊት፣ እየራባት ነው። ጠግባ የወጣች ለመመለስ ምክንያት የላትም።

በነዚህ ቀናት አለመብላቷን ግን በቸልታ አትዩት። ለ24 ሰዓት ምንም ያልቀመሰች ድመት ሐኪም ይጠየቅላት፤ 48 ሰዓት ከሞላት ትወሰድ። ድመት ሳትበላ ስትቆይ ሰውነቷ የራሷን ስብ እየፈታ ወደ ጉበት ይልካል፤ የድመት ጉበት ያን ያህል ስብ ማስተናገድ አይችልም፣ በስብ ይሞላል፣ ዓይኗና ድዷ ቢጫ ይሆናል። ወፍራም የነበረች ድመት ላይ ይህ ይፈጥናል። ግልገል ከሆነች ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ረጅም ነው።

አሁን ወደ ምግቡ። እዚህ ላይ በዝርዝር ብንሄድ አንባቢ ይታገሠን፤ ቤት ውስጥ የሚሠራው አብዛኛው ስሕተት ሳህኑ ላይ ነውና።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ያሉት አባቶች ሳያውቁት የሥነ ምግብ ትምህርት ተናግረዋል። ድመት ሥጋ የምትበላው ስለወደደች ብቻ አይደለም፤ ያለ ሥጋ መኖር ስለማትችል ነው። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውና ውሻ ከሌላ ምግብ ሰውነታቸው ውስጥ ይሠሩታል፤ ድመት የምትሠራው በጣም ጥቂት ነው፤ የሚገኘውም በሥጋ፣ በተለይ በልብ፣ በዶሮ እግር ሥጋና በዓሣ ውስጥ ነው። በወራት እጦት የዓይን ብርሃኗ ይጠፋል፣ የልቧ ጡንቻ ሳስቶ ይለጠጣል። ስለዚህ ሁለት ወር የሚጠጋው ዐቢይ ጾም ለቤቱ ሰው ጾም ነው እንጂ ለድመቷ አይደለም። ሽሮ፣ ምስርና ዳቦ እየበላች ጾሙን የምትዘልቅ ድመት ካለች ወይ አይጥ እያደነች ነው ወይ ጎረቤት እየሰረቀች። የውሻ ምግብም በቂ ታውሪን ስለሌለው መተኪያ አይሆንም።

ሽሮውና ወጡ ሌላም ጠንቅ አላቸው፤ ሽንኩርት። ቀይ ሽንኩርት፣ ባሮና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ቅመም የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። ለአንድ ኪሎ ክብደቷ 5 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ለማድረስ ይበቃል፤ 4 ኪሎ ለምትመዝን ድመት 20 ግራም ማለት ነው፣ የአንድ መካከለኛ ሽንኩርት ሩብ እንኳ አይሞላም። ነጭ ሽንኩርት ከዚህ የበለጠ ይከፋል። ማብሰልም ማቁላላትም መርዙን አያጠፋውም፤ በርበሬውና የሽሮው ዱቄት ውስጥ የተፈጨውም እንዲሁ። አንድ ቀን ብዙ መብላት ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ በየቀኑ ወጥ የነካው እንጀራ የምትበላ ድመትም ደሟ ቀስ በቀስ ያልቃል። ምልክቱ የድድ መንጣት፣ ቶሎ መድከም፣ አንዳንዴም የሽንት መጥቆር ነው። ሥጋውን ከወጡ አውጥቶ በውኃ ማጠብ ነገሩን አያስተካክለውም፤ የድመቷ ድርሻ ሽንኩርቱ ሳይገባ በፊት ነው የሚለየው።

«እንግዲያው ሥጋ ብቻ እንስጣት» የሚለውም ሌላ ጉድጓድ ነው። ንጹሕ ቀይ ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፣ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ድመት በዱር አይጧን ከነአጥንቷ ስለምትበላ ሚዛኑ ይጠበቅላታል። ከሉካንዳ የመጣ ሥጋ ብቻ የምትበላ ግልገል ካልሲየሙን ከራሷ አጥንት ትበደራለች፤ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ታነክሳለች፣ ስትነካ ትጮኻለች፣ ከወንበር ዘልላ እግሯ ይሰበራል። መፍትሔው ርካሽ ነው። የእንቁላል ቅርፊት አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በሙቀጫ እንደ ዱቄት አልማችሁ፣ ለ1 ኪሎ ሥጋ 1 የሻይ ማንኪያ ደባልቁበት። ሻካራ ሆኖ ከቀረ አንጀት ይቧጭራል፤ በወንፊት ይነፋ።

4 ኪሎ የምትመዝን የተረጋጋች ድመት በቀን ከ120 እስከ 150 ግራም የበሰለ ሥጋ ይበቃታል፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ተከፍሎ። ግልገል ከሆነች በቀን አራት ጊዜ። ሥጋውን ያለ ጨውና ያለ ቅመም ቀቅሉ፤ መረቁን አትድፉት። ታውሪን በውኃ ስለሚሟሟ ግማሹ ጥቅም መረቁ ውስጥ ነው፤ ሲበርድ ሥጋው ላይ ይፍሰስ። በሳምንት ሁለት ቀን ልብ ይጨመር። ሳንባ ሆድ ይሞላል እንጂ ብዙ አይመግብም። ጉበት ይወደዳል፣ ግን በሳምንት ከአንድ ወይም ከሁለት ትንሽ ቁራሽ በላይ አይሰጥ፤ ለወራት በየቀኑ ጉበት የምትበላ ድመት ቫይታሚን ኤ በሰውነቷ ተከማችቶ የአንገቷ አጥንቶች ይጣበቁና አንገቷን ማዞር ያቅታታል። የታሸገ የቱና ዓሣ ብቻ መመገብም የሰውነት ስብን ያቆስላል። ቤት የተሠራ ምግብ ምንም ቢጠነቀቁለት ስለሚጎድለው፣ አቅም ያለው ሰው ለድመት የተዘጋጀውን ደረቅ ምግብ ቢያንስ ለግማሹ ቀለብ ቢገዛ ጥሩ ነው፤ በቀን 50 ወይም 60 ግራም ለሙሉ ቀን ይበቃል። ይህን ያህል ብቻ ነው፤ ሳህኑን ሞልቶ መውጣት ድመትን ማወፈር ነው።

ወተት? ጡት የተወች ድመት በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የምታፈጭበት ኃይል ይቀንሳል፤ ውጤቱ ተቅማጥ ነው። ትልቅ ድመት ጥቂት ብትልስ አይገድላትም፣ በተቅማጥ ውኃዋ የሚያልቅ ግልገልን ግን ሊገድላት ይችላል። ከምግቡ ሳህን ራቅ ብሎ፣ ሰፊ ጎድጓዳ ዕቃ ላይ ንጹሕ ውኃ ይቀመጥ። ድመት የመጣችው ከደረቅ አገር የዱር ድመት ነው (ያቺ የዱር ድመት ዛሬም በአገራችን አለች)፤ ጥሟ ዘግይቶ ስለሚቀሰቀስ ደረቅ ምግብ የምትበላ ከሆነ ሆን ብሎ ማጠጣት ያስፈልጋል።

እናት የሌላቸው ዓይናቸው ያልተገለጠ ግልገሎች ከተገኙ ቸኩሎ ማንሣት አይገባም። እናት አደን ሄዳ ሊሆን ስለሚችል ርቆ ለጥቂት ሰዓት መጠበቅ ነው። ካልመጣች መጀመሪያ የሚደረገው መመገብ ሳይሆን ማሞቅ ነው። የቀዘቀዘች ግልገል አንጀቷ ስለማይሠራ የተሰጣት ወተት ሆዷ ውስጥ ይበላሻል። የሞቀ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቧ ማድረግ፣ ሰውነቷ ሲሞቅ ለግልገል ድመት የተዘጋጀ ወተት በየ2 እና 3 ሰዓቱ መስጠት። በሆዷ ተኝታ እንጂ እንደ ሕፃን በጀርባዋ አይደለም፤ በጀርባዋ የጠባች ወተቱ ሳንባዋ ይገባል። በጠባች ቁጥር ለብ ባለ ውኃ በረጠበ ጥጥ ከጅራቷ ሥር ቀስ ብሎ ማሸት አለ፤ እናቷ በምላሷ የምታደርገው ነው፣ ያለዚያ መሽናት አትችልም። በቀን 10 ግራም ካልጨመረች አንድ ነገር ተበላሽቷል።

በዓል ሲመጣ ሁለት ነገር ይጨመራል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል፤ አንጀት ይበሳል። ሁለተኛው ክር ነው፤ የስፌት ክር፣ የፈትል ጥጥ፣ የስጦታ ማሰሪያ። የድመት ምላስ ሻካራ ስለሆነ አንዴ የያዘችውን ክር መትፋት አትችልም፣ ትውጠዋለች፤ አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ተጠምጥሞ ሌላው አንጀቷን እንደ ተሰበሰበ መጋረጃ ይሸበሽበዋል። ከአፏ ወይም ከኋላዋ ክር ወጥቶ ካያችሁ በጭራሽ አትሳቡት። አንጀት እንደ መጋዝ ይቆርጣል። በመቀስ የወጣውን ብቻ አሳጥሮ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

የቤቱ መድኃኒት መደርደሪያ ከወጥ ቤቱ ይብሳል። ትኩሳት ያላት ለምትመስል ድመት ፓራሲታሞል መስጠት የተለመደ ደግነት ነው፤ አንዲት 500 ሚሊ ግራም እንክብል ግን ትልቅ ድመት ልትገድል ትችላለች። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያስወግድበት ኬሚካል የለውም ማለት ይቻላል፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣሉ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ኩላሊቷን ይመታሉ። ለከብትም ለሰውም ትል የሚሰጠው አልቤንዳዞል በድመት ላይ መቅኔን ሊጎዳ ስለሚችል አይመረጥም፤ ፕራዚኳንቴልና ፓይራንቴል የያዘው የድመት መድኃኒት አለ። ግልገሎች ከ3 ሳምንታቸው ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ 2 ወራቸው፣ ከዚያ በየወሩ እስከ 6 ወር፣ ትልልቆቹ በየ3 ወሩ ይወስዳሉ። ዴቶልና ከውኃ ጋር ሲገናኝ ወተት የሚመስል ማንኛውም ፀረ ተባይ ድመት በምትረግጠው ወለል ላይ አይፍሰስ፤ መዳፏን ስትልስ ትውጠዋለች።

ቁንጫን በተመለከተ ነጭ ጋዝ መቀባት ቆዳ ይልጣል፣ ፍሊት መንፋት ይመርዛል። ለውሻ ወይም ለከብት የተሠራው ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ድመትን በሰዓታት ውስጥ ያንቀጠቅጣታል። መዥገር ለማራገፍ የሚሸጠው ዲያዚኖንም ለድመት አይሆንም፤ ለሃጯን ያዝረበርባል፣ የዓይኗ ብሌን ይጠባል። ለ2 ወር ያልሞላት ግልገል መድኃኒቱ ሚዶ ነው። በለብታ ውኃና ጥቂት ሳሙና አርጥቦ ከአንገት ጀምሮ ማበጠር፣ ሚዶውን ሳሙና ባለበት ሳህን ውስጥ መንከር። ቁንጫ መኖሩን ለማወቅ ከፀጉሯ የረገፈውን ጥቁር ብናኝ በእርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉት፤ ዙሪያው ከቀላ የተፈጨ ደም ነው። ጆሮዋ ውስጥ ደግሞ ጀበና ግርጌ የቀረ የቡና አተላ የሚመስል ነገር ካለ የጆሮ ቅንቅን ነው፤ በጥጥ ዘንግ አትቆርቁሩት፣ ሐኪም ጠብታ ይሰጣል።

አበባ ለምትወዱ አንድ ማሳሰቢያ አለ። በሠርግ እቅፍ ውስጥ የሚገባው ሊሊ፣ አበባው፣ ቅጠሉ፣ ዱቄቱና የቆመበት ውኃ እንኳ፣ የድመትን ኩላሊት በሦስት ቀን ውስጥ ያቆማል። የአበባው ዱቄት ፀጉሯ ላይ ከተራገፈና ከላሰችው በቂ ነው። ሕክምናው የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 18 ሰዓታት ውስጥ ከተጀመረ ነው። በየግቢው የሚበቅለው ነጩ ካላ ሊሊ አፍ ያቃጥላል እንጂ እንዲህ አይገድልም፤ ስሙ አያሳስታችሁ።

ድመትና የአይጥ መርዝ በአንድ ግቢ አይኖሩም። ብዙ ሰው ድመት የሚያመጣው ለአይጥ ስለሆነ ይህ ግልጽ መሆን አለበት፤ መርዙ ከተረጨ ድመቷ የተመረዘ አይጥ ትበላለች። ጎረቤትንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ጥቁር ዱቄት ጨጓራ ውስጥ ወደ ጋዝ ስለሚለወጥ የምታስመልሰው ነገር ሰውንም ስለሚጎዳ፣ መስኮት ክፈቱ። ደም የሚያቀጥነው ዓይነት ግን ምልክቱ የሚታየው ከ3 እስከ 5 ቀን በኋላ ነው፤ «በልታ ነበር፣ ግን ደህና ናት» የሚባለው እዚያ መሐል ነው። ቫይታሚን ኬ1 ለሳምንታት ይሰጣል። ወተት የመርዝ ማርከሻ አይደለም፤ ጨው አጠጥቶ ማስመለስም ራሱ መርዝ ነው። የመርዙን ማሸጊያ ይዛችሁ ኑ፤ ከምንም ማብራሪያ በላይ ይጠቅመናል።

አሸዋው ላይ ለነፍሰ ጡሮች የሚነገረው ግማሽ እውነት ነው። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፤ አብዛኛዋ ድመት ግን የምታወጣው በሕይወቷ መጀመሪያ በተያዘችበት ጊዜ ለአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። የወጣውም ሰው መያዝ የሚችለው ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ስለሆነ፣ በየቀኑ የሚጠረግ አሸዋ አደጋው ትንሽ ነው። ነፍሰ ጡሯ ሌላ ሰው እንዲጠርግ ታድርግ፣ ካልሆነ ጓንት ታድርግ። ድመቷን ከቤት አባርሮ ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ መብላት ግን በሩን ዘግቶ መስኮቱን መክፈት ነው፤ ተውሳኩ በጥሬ ሥጋና ባልታጠበ ሰላጣም ይገባልና። የዚህ ተውሳክ ነገር የሚያስገርም ነው፦ የያዘው አይጥ የድመት ሽታ መፍራት ይተዋል። «አይጥ ሞቷን ስትሻ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» ያለው ሰው ይህን ሳያይ አልቀረም።

ሳፋው ድመቷ ገብታ መዞር የምትችልበት ይሁን፤ አሸዋው ወይም ሰጋቱራው ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይጥለቅ። አመድ አይሆንም፤ ሲረጥብ መዳፍ ያቃጥላል። ለአንድ ድመት ሁለት፣ ለሁለት ሦስት ሳፋ ይመከራል። ከሳፋው ውጭ ስትሸና መቅጣት ከንቱ ነው፤ ወይ ሳፋው ቆሽሿል፣ ወይ ምግቧ አጠገብ ነው፣ ወይ ታማለች። ሽንት ያለበትን በረኪና አታፍስሱበት፤ ከአሞኒያው ጋር የሚያፍን ጋዝ ይወጣል። በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ሲያበቃ በረኪና ማድረግ ይቻላል፤ በተለይ ግልገል በተቅማጥና በትውከት የሞተችበት ቤት ከሆነ በ1 ሊትር ውኃ 30 ሚሊ ሊትር በረኪና ለ10 ደቂቃ ይቆይ። ይህን ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣው ቫይረስ ካልተገደለ እስከ አንድ ዓመት ስለሚቆይ፣ ያልተከተበች ግልገል ወደዚያ ቤት አትግባ።

ክትባቱ የሚጀመረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ሆኖ በየ3 እና 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደገማል። አንዱ ለምን አይበቃም ቢባል፣ ከእናቷ ወተት ያገኘችው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፈውና መቼ እንደሚያልቅ ስለማይታወቅ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወር፣ ከዚያ ከዓመት በኋላ። ስሙ «የውሻ» ቢሆንም ድመትም ይዛው ታስተላልፋለች። የነከሰች ወይም የቧጨረች ድመት ያልተከተበች ከሆነች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ሙሉ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ፣ ድመቷን ለ10 ቀን አስሮ መጠበቅ ነው። አትግደሏት፤ ብትሞትም ጭንቅላቷን አትምቱ። በተለምዶ ፓስተር በሚባለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚመረመረው አንጎሏ ስለሆነ፣ ራሷ የተቀጠቀጠ እንስሳ መልስ አይሰጥም። የተከተበች ድመት ንክሻም ቢሆን ይናቅ ማለት አይደለም፤ ጥርሷ ቀጭን ስለሆነ ተሕዋስያኑን ጥልቅ ይቀብራል፣ በአንድ ቀን ውስጥ እጅ ሊያብጥ ይችላል።

ድመታቸውን ይዘው ወደ አውሮፓ ለሚሄዱ፦ መጀመሪያ ማይክሮ ቺፕ፣ ቀጥሎ የእብድ ውሻ ክትባት፣ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ በአውሮፓ ኅብረት በተፈቀደ ላቦራቶሪ ምርመራ (ክትባቱ በደሟ ውስጥ የፈጠረው መከላከያ በሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ መለኪያ (IU) በታች መሆን የለበትም)፣ ደም ከተወሰደበት ቀን ደግሞ 3 ወር መጠበቅ። ክትባቱ ከቺፑ ከቀደመ አይቆጠርም፤ ከአንድ ተነሥቶ ነው። የጉዞ ትኬት የሚቆረጠው ከዚህ በኋላ ነው።

ስለ ማምከን። ቀኑ በወቅት በሚረዝምና በሚያጥርበት አገር ድመት ወንድ የምትፈልገው በጸደይና በበጋ ነው፤ እኛ ለምድር ወገብ ስለቀረብን ዓመቱን ሙሉ ትፈልጋለች። እርግዝናዋ 63 ወይም 65 ቀን ብቻ ነው፣ ግልገል እያጠባችም ልታረግዝ ትችላለች። ስለዚህ 4 ወር ሲሞላት ማምከን ነው፤ «አንዴ ትውለድ» የሚለው ለጤናዋ የሚሰጠው ጥቅም የለም። ከቀዶ ጥገናው በፊት ትልቋ ከ6 እስከ 8 ሰዓት አትብላ፤ ግልገል ግን ከ2 እስከ 4 ሰዓት በላይ አትጹም፣ ስኳሯ ይወርዳል። የሴቶችን የወሊድ መከላከያ መርፌ መውጋት ማሕፀኗን በመግል ይሞላል፣ ጡቷ ላይም ዕጢ ያመጣል። ለወንዱ ማኮላሸቱ ግድግዳ ላይ መርጨትና ሌሊት ጠብ ያስቀራል።

አንድ ነገር ይቀረናል፤ እሱም ወንድ ድመት ያላችሁን የሚመለከት ነው። አሸዋው ላይ ደጋግሞ ሲቀመጥ፣ ሲያምጥ፣ ሲጮኽ፣ ብልቱን ሲልስ ካያችሁ «ሆዱ ደርቋል» ብላችሁ ዘይት አታጠጡት። አሸዋውን በእጃችሁ ነካ ነካ አድርጉ። እርጥብ ጉብታ ከሌለ ሽንቱ ተዘግቷል፤ የወንድ ድመት የሽንት ቱቦ ጠባብ ስለሆነ በደቃቅ ጠጠር ይደፈናል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ፖታሺየሙ ከፍ ብሎ ልቡ ይቆማል። ሆዱን አትጫኑ፤ ፊኛው ሊፈነዳ ይችላል። ሌሊትም ቢሆን፣ እሑድም ቢሆን፣ የሚደወለው ያኔውኑ ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
በአዲስ አበባ የምንሠራ የእንስሳት ሐኪሞች